ሳይመጣ የሚያስፈራው ጣረሞት፦ አስፈሪ ጌም ለምን ያስፈራል?

ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ጎንደር ሄጄ ነበር። አንድ ማታ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፔ ላይ አንድ የቆየ የጃፓን ጌም ይጫወታል፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ አያለሁ። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ከፕሌይስቴሽን ቤት አይጠፋም፤ በኳስ ጌም የሰፈሩ ልጆች አይችሉትም። ያን ማታ ግን ጆይስቲኩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ስክሪኑ ላይ እኮ ምንም የለም። ባዶ ኮሪደር፣ አንድ የተዘጋ በር፣ ሲረግጡት የሚንቋቋ የእንጨት ወለል። በቃ።

"ግባ እንጂ!" አልኩት።

"አንተ ግባ!" ብሎ ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀመጠው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አልገባሁም። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ። ከላፕቶፑ ብርሃን በቀር ቤቱ ድቅድቅ አለ። ከወደ ተራራው ደግሞ ጅብ ጮኸ። ሁለታችንም ዘለልን። አክስቴ ከጓዳ "ምን ሆናችሁ እናንተ ልጆች?" ስትል ነው ሳቅ የያዘን።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ጣረሞቱ ገና አልመጣም ነበር። ታዲያ ምንድን ነው ያስፈራን? የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ አንድ ነገር ሲሠራ ሳይ ከፍቼ ውስጡን ማየት እወዳለሁ። እስቲ ይህንንም አብረን እንክፈተው።

ድንጋጤ፣ ፍርሃት፣ ስጋት

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ሦስት ጥሩ ቃላት አሉት። በዕለት ንግግር እናደባልቃቸዋለን እንጂ አንድ አይደሉም።

ድንጋጤ ድንገተኛ ነው። በር ድው ሲል ዓይናችሁ ይጨፈናል፣ ትከሻችሁ ይሰበሰባል። ይህ ከአንድ ሰከንድ አንድ አስረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ ለማሰብ ጊዜ የለውም። ለጌም ሠሪ ርካሹ መሣሪያ ይኸው ነው፤ ጸጥታ፣ ከዚያ ጩኸት። ችግሩ ቶሎ ይለመዳል። ያው በር አሥር ጊዜ ድው ቢል በአሥረኛው ብዙም አትነቃነቁም።

ፍርሃት የሚፈራው ነገር ፊት ለፊት ሲቆም ነው። ውሻው ጥርሱን አሳይቶ ወደ እናንተ ሲመጣ ማለት ነው።

ስጋት ግን ገና ላልመጣ ነገር ነው። ሊመጣ ይችላል፤ መቼና ከየት እንደሆነ አይታወቅም። በዚያ ኮሪደር ውስጥ የያዘን ይኸኛው ነው።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ አንጎል ውስጥም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2007 የለንደን ተመራማሪዎች ሰዎችን የአንጎል ምስል በሚያነሳ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ፓክማንን የመሰለ ጌም አጫወቷቸው። ስክሪኑ ላይ አንድ አሳዳጅ ተጫዋቹን በጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ይከተለዋል። ከያዘው እጁ ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርሰው ይችላል። አሳዳጁ ሩቅ ሲሆን የበለጠ የሚሠራው ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነበር፤ የሚያቅደውና የሚያመዛዝነው ማለት ነው። እየቀረበ ሲመጣ ሥራው ወደ መካከለኛው አንጎል ዞረ፤ "ሩጥ!" ወይም "ድረቅ!" ወደሚለው ጥንታዊ ክፍል።

ጥሩ አስፈሪ ጌም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያንገላታናል። ጣረሞቱን በጣም ካራቀው ይሰለቸናል፣ ፊታችን ላይ ካቆየው እንለምደዋለን። ስለዚህ ያስጠጋዋል፣ ያርቀዋል፣ እንደገና ያስጠጋዋል።

መሣሪያው ካሜራ ብቻ ቢሆንስ?

እንጫወተው የነበረው ጌም "ፌታል ፍሬም" ይባላል። ቴክሞ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው ነው፤ አውሮፓ ውስጥ "ፕሮጀክት ዜሮ" በሚል ስም ይታወቃል። ሚኩ የምትባል ወጣት የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ መናፍስት ወደሞሉት አንድ አሮጌ ግቢ ትገባለች። ጠመንጃ የላትም፣ ሰይፍም የላትም። ያላት አንድ የድሮ ካሜራ ነው። መናፍስቱን የምትመታቸው ፎቶ በማንሳት ነው።

የዚህ ዓይነት ጌም "ሰርቫይቫል ሆረር" ይባላል። ቁም ነገሩ ማሸነፍ ሳይሆን መትረፍ ነው። ጠንካራው ፊልም እንደልብ አይገኝም፤ አሁን ከጨረሳችሁት በኋላ ትቸገራላችሁ። እያንዳንዱ ፎቶ የሚያስከፍለው ነገር ስላለው ባዶ ክፍል እንኳን ሒሳብ ያሠራል።

ዋናው ብልሃት ግን ሌላ ነው። ካሜራው ጉልበት የሚያገኘው ጣረሞቱ ሲቀርብ ነው። በሌንሱ ውስጥ አቆይታችሁ በጠበቃችሁት መጠን ምቱ ይበረታል። ከሁሉ የሚበልጠው ምት ደግሞ የሚገኘው ልትያዙ ስትሉ፣ በዚያች አንዲት ቅጽበት ነው። አስቡት! ሰውነታችሁ "ሽሽ" ይላል፣ የጌሙ ሕግ ደግሞ "ቁም፣ እየው፣ ጠብቅ" ይላል። የሌንሱ ክብ ትንሽ ስለሆነች ከጎንና ከኋላ ያለው አይታያችሁም። ጣረሞቱ ደግሞ በግድግዳ ያልፋል፤ በር ዘግቼ አመለጥኩ ማለት የለም።

አንበሳን ብንፈራ ሕጉን እናውቀዋለን። ግድግዳ ያቆመዋል፣ ዛፍ ያስመልጣል። የመንፈስ ሕግ ግን አይታወቅም። ጣረሞትን ለጌም ሠሪዎች ምቹ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ጉሙ የሚሠራው ሥራ

ክረምት ላይ ስሜን ተራሮች ላይ የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ገደሉ አፋፍ ላይ ሆናችሁ ከታች ጉም ይነሳና በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉንም ይውጠዋል። ከአሥር እርምጃ በላይ አይታይም። የድንጋይ ኮቴ ይሰማል። ዝንጀሮ ነው? በግ ነው? ሰው ነው? ዓይን ያጣውን አንጎል ይሞላዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው "ሳይለንት ሂል" የሚባለው ጌም በዚሁ ጉም ነው የታወቀው። የሚገርመው የጉሙ መነሻ የማሽን አቅም ማነስ ነው። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሰፊ ከተማን እስከ ሩቅ ድረስ መሳል አይችልም ነበር። ሠሪዎቹ ያልተሳለውን ቦታ በጉምና በጨለማ ሸፈኑት። ድክመቱ የጌሙ ትልቁ ኃይል ሆነ።

ግን አንጎል ክፍተቱን በክፉ ነገር የሚሞላው ለምንድን ነው? በመልካም ነገር ቢሞላው ምን አለበት? መልሱ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አንድ የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል አስቡ። ሽንኩርት ሲያርር ቢጮህ የምታጡት ትንሽ ሰላም ነው። ቤቱ ሲቃጠል ዝም ቢል ግን የምታጡት ሕይወት ነው። ስለዚህ ጥሩ ደወል በከንቱ ብዙ ጊዜ እንዲጮህ ተደርጎ ይሠራል። የዝግመተ ለውጥ ሐኪሙ ራንዶልፍ ኔሲ የሰው ፍርሃትም በዚህ መርህ እንደሚሠራ አስረድቷል። አያቶቻችንም "እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይላሉ። ልጡን እባብ ብሎ የዘለለ ሰው ይሳቅበታል እንጂ አይሞትም።

ጨለማ ይህን ደወል የበለጠ ስሱ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ ሙከራዎች ሰው ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ ለዚያው ድምፅ የበለጠ እንደሚደነግጥ አሳይተዋል። መብራት ሲጠፋ የእኔና የአክስቴ ልጅ ዝላይ የጨመረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የተደበቀ ፊትም እንደ ጉም ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና ስትሉ ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች በሙሉ ዓይናቸው ያዩዋችኋል፤ ማንም ግን አይፈራቸውም። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ክፉዎች ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው በዚህ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይነግረናል። የጃፓን ጣረሞት ደግሞ ብዙ ጊዜ ረጅም ጥቁር ፀጉሯ ፊቷን ይሸፍነዋል። የሰውን ሐሳብ የምናነብበው ከፊቱ ነውና ፊቱ ሲሸፈን አንጎል መረጃ ያጣል። መረጃ ሲያጣ ደወሉ ይጮሃል።

ጅቡ የት ነው ያለው?

ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ሁለት ጆሮ ስላለን ነው። ድምፁ ከቀኝ ከመጣ ቀኝ ጆሮ ቀድሞ ይሰማል። ልዩነቱ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያንሳል፤ አንጎል ግን ይለካዋል። ጌም ሠሪዎች በኢርፎን ይህንኑ ልዩነት አስመስለው "ከኋላህ አለ" ያሰኟችኋል። አስፈሪ ጌም በኢርፎን የሚብሰው ለዚህ ነው።

የጅብ ጩኸት ከዝቅተኛ ድምፅ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሌሊት ጸጥታ ኪሎ ሜትሮች አልፎ ይሰማል። እንደ ጎንደር ባለ ኮረብታማ ቦታ ደግሞ ድምፁ ከተራራ ተራራ እየተላተመ ይመለሳል። ዋናው ድምፅና ገደል ማሚቶው ሲደባለቁ አቅጣጫውም ርቀቱም ይጠፋል። ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ? አንድ ነው ወይስ ብዙ? ያው እንደ ጉሙ ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው የጆሮ ጉም መሆኑ ብቻ ነው።

ሞክሩት እስቲ። አንድ አስፈሪ ጌም ወይም ፊልም ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ግማሹ ፍርሃት አብሮ ይዘጋል።

ታዲያ ለምን እንወደዋለን?

ልብ ይመታል፣ እጅ ያልበዋል፣ አድሬናሊን ይረጫል። ሰውነት እውነት ነው ብሏል። ከግንባር ጀርባ ያለው አንጎል ግን "ጌም ነው፤ ከፈለግህ አቁመው" እያለ ያረጋጋል። ማቆሚያ ቁልፉ እጃችን ላይ ነው። ፍርሃቱ ሲያልፍ የሚቀረው ግለት ወደ ሳቅ የሚለወጠው ለዚህ ነው።

በማመንና በመጫወት መካከል መቆም ለጎንደር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ጎንደር መጥቶ የዛር ሥርዓትን በቅርብ አጠና። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ ዛር የያዘው ሰው የሚያደርገውን ከቴአትር ጋር አነጻጽሮታል። ማስመሰል ብቻ አይደለም አለ፤ ሰዎቹ እየኖሩት የሚሠሩት ቴአትር ነው። ጌም ከዛር ጋር አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ሰው እያወቀ ገብቶ በሙሉ ሰውነቱ ሊኖረው እንደሚችል ከጌም በፊትም ይታወቅ ነበር።

ማቆሚያ ቁልፍ የሌለው ፍርሃት

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ያው ደወል ከጌም ውጭም ይጮሃል፤ እዚያ ደግሞ ማቆሚያ ቁልፍ የለውም።

በጎንደር ዙሪያም ሆነ በሌሎች የአገራችን ክፍሎች ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ለብዙ ዘመን "ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ" ሲባሉ ኖረዋል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት። በዚያና በአካባቢው የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ በእነዚሁ ሙያዎች ይተዳደሩ ነበርና ይህ ስም ተለጥፎባቸው ኖሯል። ልጅ ታመመ፣ ምክንያቱ አልታወቀም። ሌሊት ጅብ ጮኸ፣ የት እንዳለ አልታወቀም። አንጎል ክፍተት አገኘ። በጌሙ ውስጥ ክፍተቱን የሚሞላው የማንም ያልሆነ ጣረሞት ነው። በመንደር ውስጥ ግን የጎረቤት ፊት ሞላው። ማረሻችንን የሠራልን፣ ጀበናችንን የጋገረችልን ሰው ተፈራ፣ ተገለለ፣ ተከሰሰ። በዚህ ፍርሃት የተጎዳው የሚፈራው ሰው ሳይሆን የተፈራው ሰው ነው።

ስለዚህ ፍርሃት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለጌም ብቻ አይጠቅምም። ደወሉ ሲጮህ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ እንችላለን። በእርግጥ ያየሁት ምንድን ነው? አንጎሌ የሞላልኝስ የቱን ነው?

ያን ማታ መብራቱ ሳይመጣ ጌሙን ቀጠልን። የአክስቴ ልጅ በሩን ከፈተ። ጣረሞቷ መጣች። መጀመሪያ ሸሸ፣ ተያዘ። እንደገና ሸሸ፣ እንደገና ተያዘ። በሦስተኛው ካሜራውን አነሳና ቆመ። እጁ እየተንቀጠቀጠ እስክትቀርብ ጠበቃት፣ ከዚያ ተጫነው።

"ይኸው ነው እንዴ?" አለ። ቀጥሎም የሚቀጥለውን በር መፈለግ ጀመረ።