ስለቱ ያልሰመረለት ምእመን የት ይቁም?

በንግሥ ቀን ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ሕዝቡ በዐውደ ምሕረቱ ሲሰበሰብ ከድምፅ ማጉያው የሚሰማ የተለመደ ነገር አለ። መካን ተብላ የኖረች ሴት ልጅ አግኝታ ጥላ አስገብታለች፤ ከአልጋ የተነሣ በሽተኛ መጋረጃ ይዞ መጥቷል፤ ልጁ ከዓረብ አገር በሰላም የገባችለት አባት ሻማና ዕጣን አምጥቷል። ሕዝቡም በየመሐሉ እልል ይላል። ልማዱ ከቁልቢ እስከ ሰቆጣ ያው ነው፤ በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትም «ምስክርነት» በሚባለው ሰዓት ተመሳሳዩ ይደረጋል። ነውር የለበትም፣ የተደረገለት ሰው ያመስግን። ችግሩ ድምፅ ማጉያው የሰመረውን ብቻ ማሰማቱ ነው። በዚያው ቅጽር ውስጥ፣ ያንኑ ስለት ለዚያው ታቦት ተስላ ልጇን የቀበረች እናት ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፤ ስሟን የሚጠራ የለም። ዓመት ከዓመት የሌላው ሰው ጸሎት ሲሰማ ብቻ ያዳመጠ ምእመን «የእኔ ሳይሰማ የቀረው ምን በድዬ ነው?» ቢል፣ ውሎ አድሮም «ለመሆኑ ሰሚ አለ?» ቢል ምን ይገርማል?

በእኔ አስተያየት በዚህ ሰው ላይ የፈረሰው ከአምላኩ ጋር ገባሁ ብሎ ያሰበው ውል ነው። እምነት ከውሉ ይሰፋል፤ ቤተ ክርስቲያንም መልስ ላጣ ጸሎት የሚሆን ሥፍራ በገዛ መጻሕፍቷና በገዛ በዓላቷ ውስጥ አዘጋጅታለች። ሥፍራውን የሚያሳይ ግን አንሷል። ነገሩን ዋግ ኽምራ ላይ ቆሞ ማየት የሚሻለው ጸሎቱም ማጣቱም እዚያ ረጅም ዕድሜ ስላላቸው ነው። ከሰቆጣ አቅራቢያ ከዓለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ አገሩን የገዙት ዋግሹሞች የዘር ሐረጋቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥሩ ነበር። ምድሩ ግን ደጋው በተከዜና በገባሮቹ ሸለቆዎች የተቆራረጠ፣ ገበሬው የሐምሌንና የነሐሴን ሰማይ አንጋጦ የሚጠብቅበት ነው፤ ዝናቡ ከዘገየ ወይም ቀድሞ ካቋረጠ ማሽላው ሳያፈራ ይቀራል። በ1966 ወሎ ሲራብ ዋግ ከአውራጃዎቹ አንዱ ነበር። በ1977 የዋግ ሰው እህል ፍለጋ ወደ ቆረም ተሰደደ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በቆየው የሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀለው ሰው ሰቆጣ ሰፈረ፤ ጦርነቱ ቆመ ሲባል ደግሞ የ2015 ክረምት ዝናብ ነሣ። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በሐምሌ 2007 የገባውን ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አልነበረም። ይህን ያህል የጸለየ አገር ይህን ያህል የሚራበው ለምንድን ነው? ጥያቄው ከመጽሐፍ የተቀዳ ፍልስፍና አይደለም፤ በየቤቱ ያለ ነው።

ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉ። አንዱ «ኃጢአታችን በዝቶ ነው» የሚለው የሽማግሌው መልስ ነው፤ ሌላው «ሰሚ ስለሌለ ነው» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ተምሮ ሥራ ያጣው ወጣት በልቡ የሚይዘው መልስ ነው። ጠላት ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም በአንድ ሒሳብ የሚሠሩ ናቸው፤ ጸሎትን እንደ ክፍያ፣ ዝናብን እንደ ሸቀጥ ይቆጥሩና ሸቀጡ ሲቀር አንዱ ገዢውን፣ ሌላው ሻጩን ይከሳል። ማስረጃው ግን ከሁለቱም ጋር አይሄድም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ባደረጉት ጥናት፣ ገበሬውን ለረሃብ የሚያጋልጠው ዝናብ መቅረቱ ብቻ ሳይሆን የተጫነበት ሥርዓት ጭምር እንደሆነ አሳይተዋል። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ፣ ወሎ በተራበበት ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ብዙም እንዳልቀነሰ፣ የደሴ ገበያ ዋጋም ያን ያህል እንዳልናረ አመልክቷል። ጎተራው የተራቆተ ገበሬ በገበያ ካለው እህል የሚገዛበት አቅም አልነበረውም ማለት ነው። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር ሰሜኑ እየረገፈ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 13 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ከቆረም ያየውን ለዓለም ሲያሰማ ረሃቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር አመሳሰለው። ያ አነጋገር የዓለምን ልብ ነካ፤ ነገር ግን ሳያስበው ጦርነቱንና ረሃቡን የደበቀውን መንግሥት ከሥዕሉ አወጣቸው። ክርስቶስ ራሱ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል። እንግዲህ ለተራበ ሰው «በኃጢአትህ ነው» የሚል ሰባኪ ወንጌሉን ተቃርኗል፤ ባለ ጎተራውንም ሳያውቀው ነፃ አውጥቷል።

የውሉን አስተሳሰብ የሚያፈርሰው ትልቁ ማስረጃ የተቀመጠው ደግሞ፣ ይግረማችሁና፣ ስለት በብዛት በሚገባበት በዓል ውስጥ ነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢን በሰው የሚሞላው ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶነ እሳት ያዳነበት መታሰቢያ ነው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል በናቡከደነፆር ፊት ቆመው የሰጡት መልስ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ሁለት ግማሽ አለው። አምላካችን ሊያድነን ይችላል ይላሉ፤ ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም ብለው ይጨምራሉ። ስብከቱ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ ወደ መዳኑ ይሮጣል። የበዓሉ አጥንት ግን ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ እሳቱ እየነደደ፣ መልአኩ ሳይታይ የተነገረ ነውና። «በመጨረሻ ድነዋል እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ድነዋል። ለዚያ ደግሞ የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 መልስ አለው፤ በእምነት የእሳትን ኃይል ያጠፉትንና በእምነት እያሉ በመጋዝ የተተረተሩትን በአንድ ዝርዝር ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። የዳነውና ያልዳነው እምነታቸው እኩል ተቆጠረ።

ዳዊት ደጋሚው የዋግ ምእመን ሌላም ነገር በእጁ አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይጸለያል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110 እያለ ይሄዳል። በዚህ አከፋፈል ሰኞ ዕለት 21ኛው መዝሙር ይደርሳል፤ ክርስቶስ በመስቀል ላይ የጮኸው፣ ለምን ተውከኝ የሚለው ጩኸት የተወሰደው ከዚያ ነው። ማክሰኞ 43ኛው ይመጣል፤ እዚያ ሕዝቡ ኪዳንህን ሳንክድ እንደሚታረዱ በጎች አደረግኸን ብሎ አምላኩን ይከሳል፣ ከእንቅልፍህ ንቃም ይለዋል። ሐሙስ ደግሞ 87ኛው አለ። አብዛኞቹ የሐዘን መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ሲዞሩ ይህኛው አይዞርም፤ ወዳጅ ርቆ፣ ጨለማው ሳይገፈፍ ያበቃል። አንድ ቄስ ወይም አንዲት ዳዊት ደጋሚ እናት በየሳምንቱ ይህን ሲጸልዩ፣ አምላክን መጠየቅና መውቀስ ከጸሎቱ ውጭ አይደለም፤ ጸሎቱ ራሱ ነው። «ከእግዚአብሔር ጋር አትሟገት» እያልን ልጆቻችንን የምንገሥጽ ሰዎች በምን በኩል እንዲህ ያለ ትሕትና እንደተማርን እንጃ፤ ከዳዊት ግን አይደለም።

ቶማስንም እናንሣ። ካላየሁና ካልዳሰስሁ አላምንም ያለውን ሐዋርያ ቤተ ክርስቲያን ልትሸፍነው ትችል ነበር። በምትኩ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ማክሰኞ በስሙ ጠራችው፣ በቀጣዩ እሑድም በዳግም ትንሣኤ ታሪኩን ታነበዋለች። የነሐሴው ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በትውፊታችን እመቤታችን ስታርግ ያገኛት ያው ተጠራጣሪው ቶማስ ነው፤ በደመና ተጭኖ ሲመጣ ሰበኗን ተቀበለ። ሌሎቹ ሐዋርያት ሳያዩ ቀሩ፤ ቶማስ አይቶ እኛ እንዴት እንቀራለን ብለው በዓመቱ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሱባኤ ያዙ፣ በ16ኛው ቀንም የፈለጉትን አዩ። ፍልሰታ የጓጉትን ያላገኙ ሰዎች የጀመሩት ጾም ነው ማለት ይቻላል። የሰቆጣ ልጃገረዶች የሻደይን ቄጠማ በወገባቸው አስረው የሚጨፍሩት ያ ሱባኤ ከተፈታበት ቀን ጀምሮ ነው። ወሩ ያለፈው ዓመት እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ገና ያልደረሰበት የክረምት ወር መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሻደይ ጎተራ ሞልቶ የሚጨፈር በዓል ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው «ይህ ሁሉ ድሃን ማስተኛ ነው፤ ባያድነንም እያለ የሚዘምር ሕዝብ መብቱን አይጠይቅም» የሚለው ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው፣ በታሪካችንም «የፈጣሪ ቁጣ ነው» የሚለው አባባል ለገዢዎች መሸሸጊያ ሆኖ አገልግሏል። የሚያስተኛው ግን ሁሉን ነገር «ፈቃዱ ነው» ብሎ የሚዘጋ ንግግር ነው። ለምን ብሎ ፈጣሪውን የሚጠይቅ አፍ የወረዳ ኃላፊውን ለመጠየቅ አያፍርም፤ ሠለስቱ ደቂቅም ያንን ቃል የተናገሩት ለንጉሥ ነበር። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። አምላክ ሰጠም ነሣም የማይነቃነቅ እምነት ስህተት መሆኑ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ክርስትና ከምናስበው በላይ ድፍረት አለው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ነው ብሎ የሚፈርስበትን ነጥብ ራሱ አስቀምጧል። ሰው ያንን መርምሮ ሊቀበለው ወይም ሊተወው ይችላል። አበርገሌ ዘንድሮ መዝነቡ ወይም አለመዝነቡ ግን የእምነቱ ፈተና ሆኖ በመጽሐፉ አልተሰጠም፤ ያንን ፈተና የጨመርነው እኛ ነን። ታዲያ በድርቅ ጊዜ ምሕላ የምንወጣው ለምንድን ነው የሚል ካለ፣ መለመን ከውል ይለያል። ክርስቶስም በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ለምኖ አላለፈለትም፤ ልመናውን ግን ሞኝነት ነበር የሚለው የለም። በምሕላ ላይ ደግሞ የማንም ስለት በስም አይጠራም፤ የሰመረለትም ያልሰመረለትም አንድ ላይ ቆሞ ያንኑ እግዚኦታ ያደርሳል።

ጥርጣሬን እንደ ኃጢአት ብቻ መቁጠር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በእንጦጦ ማርያም ታይቷል። ኤችአይቪ ከነበረባቸው ፀበልተኞች አንዳንዶቹ፣ መድኃኒት መውሰድ በፀበሉ አለማመን ይሆንብናል ብለው የጀመሩትን አቋረጡ። ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በኋላ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በይፋ ተናገሩ። ውሳኔው የሕክምና ብቻ አልነበረም፤ የአምላክ እጅ በአንድ መንገድ ብቻ ካልመጣ አምነሃል አይባልም የሚለውን አስተሳሰብ የሚያርም ነበር። የነፍስ አባቶችም ተመሳሳይ ሥራ ይጠብቃቸዋል። ከመጠለያ የመጣ ወጣት «አባ፣ መጸለይ አቃተኝ፤ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም» ሲል፣ ስግደት ከማዘዛቸው በፊት የሐሙሱን መዝሙር አብረውት ቢያነቡ፣ ቢያንስ እሱ ከመወለዱ በፊት ያንኑ የተናገረ ሰው እንደነበረና ቃሉም ቅዱስ ተብሎ እንደተጠበቀ ያያል። ይህም ሆኖ የሚሄድ ይኖራል። ልጁን ወይም ቤቱን አጥቶ ከቤተ ክርስቲያን የራቀን ሰው እምነቱ ደካማ ነበር ብሎ መዝጋት አይቻልም፤ እኛ የነገርነው ስለሰመሩት ስለቶች ብቻ ከሆነ፣ የሄደው ከነገርነው ነው።