ሺው ኒት የት ገባ? የውድ ጌም ሞኒተሮች የብርሃን ችግር

ለኮምፒውተር ጌም ተብለው የሚሠሩና በዋጋቸው ከላይኛው እርከን የሚመደቡ ሞኒተሮች «1000 ኒት» የሚል ቁጥር በጉልህ ተጽፎባቸው ወደ ገበያ ይወጣሉ። ኒት የስክሪን ብርሃን የሚለካበት አሃድ ሲሆን፣ ከአንድ ካሬ ሜትር ስፋት የሚወጣ የአንድ ካንዴላ ብርሃን አንድ ኒት ይባላል፤ ለቢሮ ሥራ የሚያገለግል ተራ ሞኒተር አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 350 ኒት ስለሚሰጥ ሺህ የሚለው ቁጥር ገዢውን ቢያጓጓ አያስገርምም። የሚያስገርመው፣ ከሺህ ዶላር በላይ ከወጣባቸው ከእነዚህ ሞኒተሮች አንዳንዶቹ ከፍተኛውን ድምቀት ይሰጣል የተባለው ቅንብር ሲከፈት፣ ዝቅተኛ ነው ከተባለው ቅንብር ይልቅ ደብዝዘው መታየታቸው ነው። ባለቤቶቹ ለአምራቹ አቤት ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ «ማሻሻያ እስኪወጣ ጠብቁ» የሚል ሲሆን፣ ምን ያህሉ ችግር በማሻሻያ እንደሚፈታ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ፈጽሞ እንደማይፈታ ግን የሚነግራቸው የለም።

የዚህ ችግር ታዋቂው ምሳሌ የዴል ኩባንያ ኤሊየንዌር በተሰኘው የጌም ምርቶች ስያሜው እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ያስተዋወቀው ኤደብሊው3423ዲደብሊው የተባለ ሞኒተር ነው። ባለ34 ኢንች፣ ጎባጣና ሰፊ ስክሪን ያለው ይህ ሞኒተር ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋው 1299 ዶላር የነበረ ሲሆን፣ ሳምሰንግ ዲስፕሌይ የሠራውን ኪውዲ-ኦሌድ የተባለ ፓኔል ይዞ ከወጡት ሞኒተሮች ቀዳሚው ነበር። ኦሌድ በሚባለው የስክሪን ዓይነት እያንዳንዱ ፒክሰል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራበት ጥቃቅን ነቁጥ፣ ብርሃኑን ራሱ ስለሚያመነጭ ከኋላው የሚያበራለት መብራት አያስፈልገውም፤ ጥቁር መሆን ያለበት ቦታም ፒክሰሉ ጨርሶ ስለሚጠፋ በእርግጥም ጥቁር ይሆናል። በኪውዲ-ኦሌድ ደግሞ ፓኔሉ የሚያመነጨውን ሰማያዊ ብርሃን ኳንተም ዶት የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ተቀብለው ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ ይለውጡታል። ሞኒተሩ በሜኑው ውስጥ ሁለት የኤችዲአር ቅንብሮች የቀረቡለት ሲሆን፣ አንደኛው «ትሩ ብላክ 400»፣ ሁለተኛው «ፒክ 1000» ይባላል፤ ቅሬታው የተነሣው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

ኤችዲአር የሚባለው ከድቅድቅ ጨለማ እስከሚያጥበረብር ብርሃን ያለውን ልዩነት ከቀድሞው ቪዲዮ በሰፋ መጠን የሚይዝ የምስል አሠራር ነው። የቀድሞው ቪዲዮ 100 ኒት ገደማ በሆነ ስክሪን ታስቦ የተዘጋጀ ስለነበር፣ ለስክሪኑ የሚደርሰው ትእዛዝ «ከአቅምህ ይህን ያህሉን እጅ አብራ» የሚል ነበር ማለት ይቻላል፤ ተመልካቹ ድምቀቱን ሲጨምር ሁሉም አብሮ ይጨምራል፣ ሲቀንስም ሁሉም አብሮ ይቀንሳል። ዶልቢ ያዘጋጀውና የፊልምና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 እንደ መለኪያ ደንብ ያጸደቀው ፒኪው የተባለው ሥርዓት ግን ይህን ለውጦታል። በፒኪው ከሲግናሉ ደረጃዎች እያንዳንዱ ቁርጥ ያለ የኒት መጠን ተመድቦለታል፤ ጣሪያው 10,000 ኒት ሲሆን፣ ሥርዓቱ የሰው ዓይን በጨለማ ውስጥ ያለን ጥቂት ልዩነት በብርሃን ውስጥ ካለው ይበልጥ እንደሚለይ ከግምት ስላስገባ፣ ከደረጃዎቹ ግማሽ ያህሉ ከ100 ኒት በታች ላለው ክፍል የተተዉ ናቸው፤ ሦስት አራተኛው ላይ ሲደረስ ደግሞ 1000 ኒት ገደማ ይሆናል። ሲግናሉን ወደ ብርሃን የሚተረጉመው፣ በባለሙያዎች ዘንድ ኢኦቲኤፍ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ኩርባ አስቀድሞ የተወሰነ በመሆኑ፣ አንድ ሞኒተር ለታዘዘው መጠን መታዘዙንና አለመታዘዙን በመሣሪያ ለክቶ ማወቅ ይቻላል። ስለዚህ «ስክሪኑ ደብዝዟል» የሚለው ቅሬታ በኤችዲአር ዘመን የዓይን ግምት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በቁጥር የሚረጋገጥ ጉዳይ ነው።

ሆኖም ሞኒተሩ የታዘዘውን ሁሉ ለመፈጸም የኤሌክትሪክ ኃይል ያስፈልገዋል፤ እዚህ ላይ ነው የማሸጊያው ቁጥር የሚያሳስተው። በኦሌድ ፓኔል ላይ ብዙ ፒክሰሎች አብረው ሲበሩ የሚወሰደው ኃይልና የሚፈጠረው ሙቀት ከፍ ስለሚል፣ ብርሃን የሚሰጠው ኦርጋኒክ ቁስም በሙቀትና በኃይል ብዛት ቶሎ ስለሚያረጅ፣ ሞኒተሩ በውስጡ ያለው ገዳቢ አሠራር ጠቅላላውን ብርሃን ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ይይዘዋል። የበዓል ዋዜማ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲጣድ አምፖሉ እንደሚፈዘው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ መፍዘዙ በመሐንዲሶች ታስቦ የተደረገ መሆኑ ነው። በተጠቀሰው ሞኒተር 1000 ኒት የሚገኘው ነጩ ቦታ ከስክሪኑ 3 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው፤ ይህም ባለ34 ኢንች በሆነው በዚህ ስክሪን ላይ ጎኑ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ካሬ ማለት ነው። ነጩ ቦታ ወደ 10 በመቶ ሲሰፋ ብርሃኑ ከግማሽ በታች ወርዶ 450 ኒት አካባቢ ይደርሳል፤ ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ሲሆን ደግሞ 250 ኒት ገደማ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ከላይ ከተጠቀሰው ተራ የቢሮ ሞኒተር የሚሻል አይደለም። አምራቾች ይህን አይደብቁም፤ ይሁን እንጂ ሺው በትልቁ፣ 3 በመቶው በግርጌ ማስታወሻ ይጻፋል።

እስከዚህ ያለው የተፈጥሮ ሕግ ነው ቢባል፣ የችግሩ ዋና ክፍል ግን ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል፤ ምክንያቱም ያለውን ውስን ኃይል እንዴት ማከፋፈል እንዳለበት የሚወስነው ፓኔሉ ሳይሆን ፈርምዌሩ፣ ማለትም በሞኒተሩ ውስጥ ሆኖ ሥራውን የሚመራው ሶፍትዌር ነው። አንደኛው መንገድ ፓኔሉ ሊያበራቸው የሚችላቸውን መጠኖች በታዘዙት ልክ ማሳየትና ከአቅሙ በላይ የሆኑትን ብቻ ቀስ እያደረጉ ወደ ታች ማጠፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ጫፉን ከመቁረጥ ይልቅ ኩርባውን በሙሉ ከላይ እስከ ታች አብሮ ዝቅ ማድረግ ነው። ለአብነት ያህል በበረዶ የተሸፈነ ሜዳ ላይ የቆመ የጌም ገጸ ባሕርይ ፊት 100 ኒት እንዲሆን ሲታዘዝ፣ ፓኔሉ ሙሉ ስክሪን ነጭ ሆኖ እንኳ 250 ኒት መስጠት ስለሚችል 100ውን ለማሳየት የሚያግደው ነገር የለም፤ ሁለተኛውን መንገድ የተከተለ ፈርምዌር ግን የበረዶውን ንጣት ሲቀንስ ፊቱንም አብሮ ስለሚቀንሰው ፊቱ ያለ ምንም የፓኔል እጥረት ይጠቁራል። «ፒክ 1000» የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። «ትሩ ብላክ 400» በበኩሉ ጣሪያውን ከመነሻው 450 ኒት አካባቢ ላይ ስላቆመ ገዳቢው ብዙም አይነሣበትም፣ ከዚያ በታች ያሉትንም መጠኖች ከሞላ ጎደል በታዘዙት ልክ ያሳያል፤ ለዚህ ነው በቀን ትዕይንት አነስተኛው ቁጥር ትልቁን በድምቀት የሚበልጠው።

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን የመሐንዲሶቹም ምክንያት ሊነገር ይገባል፤ ሁሉም አብሮ ሲወርድ በደማቁ ክፍል ውስጥ ያሉት ዝርዝሮች፣ ለምሳሌ በበረዶው ላይ ያለ የእግር ዱካ ወይም በደመናው ውስጥ ያለ መስመር፣ አይጠፉም። በጨለማ ትዕይንት ደግሞ፣ የመንገድ መብራት ወይም የእሳት ፍንጣሪ ከጥቁር ሌሊት ውስጥ ብቻውን ሲበራ፣ «ፒክ 1000» በእርግጥም ገንዘቡን የሚያስረሳ ነው። ቢሆንም ፓኔሉ ሊሰጥ የሚችለውን 100 ኒት ያለ ምክንያት መንፈግ ምርጫ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ምርጫውም የተበላሸ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጡት ባለ32 ኢንች 4ኬ ኪውዲ-ኦሌድ ሞኒተሮችም፣ የሠሯቸው ኩባንያዎች የተለያዩ ሆነው ሳለ፣ በ1000 ቅንብራቸው ላይ ተመሳሳይ ቅሬታ ተነሥቶባቸዋል።

እንግዲህ ማሻሻያ መጠበቅ ትርጉም የሚኖረው ለዚህኛው ክፍል ብቻ ነው። የኩርባው አወራረድ በፈርምዌር የተጻፈ ስለሆነ በፈርምዌር ሊታረም ይችላል፤ ሙሉ ስክሪን ነጭ ሲሆን የሚገኘውን 250 ኒት ግን የትኛውም ማሻሻያ 1000 አያደርገውም። በዚያ ላይ ማሻሻያው ቢወጣ እንኳ በተጠቃሚው እጅ የሚጫን ላይሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ከላይ የተጠቀሰው ኤደብሊው3423ዲደብሊው የተሠራው ባለቤቱ ፈርምዌሩን ራሱ እንዲለውጥ ተደርጎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አካባቢ በ1099 ዶላር የወጣውና በስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ የተጨመረበት ወንድሙ ግን በዩኤስቢ ገመድ ቤት ውስጥ ይታደሳል፤ በማስታወቂያ ላይ ከቁጥር የማይገባው ይህ ልዩነት ችግር ሲመጣ ከ200 ዶላሩ የዋጋ ልዩነት ይበልጣል።

ሞኒተሩ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ጥፋተኛ የሚሆንበትም ጊዜ ስላለ፣ ከአቤቱታው በፊት ሁለቱን መለየት ይገባል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ነጻ የኤችዲአር ማስተካከያ ፕሮግራም የስክሪኑን ዝቅተኛና ከፍተኛ ብርሃን፣ እንዲሁም ሙሉ ስክሪን ሲበራ ያለውን መጠን ለዊንዶውስ ያሳውቃል፤ ይህ ካልተደረገ ጌሙ የስክሪኑን አቅም ከእውነተኛው አብልጦ ገምቶ የተሳሳተ ምስል ሊልክ ይችላል። ኤችዲአር ሲከፈት ፈዘው የሚታዩት የጌሙ ምስሎች ሳይሆኑ ዴስክቶፑና ድረ ገጾቹ ብቻ ከሆኑ፣ በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ለተራ ምስሎች ድምቀት የተለየ ማንሸራተቻ ስላለ መፍትሔው እዚያ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ፍተሻ ቀላል ነው፦ በጥቁር ስክሪን መካከል ትንሽ ነጭ ካሬ አድርጎ ቀስ በቀስ ሲያሰፉት ካሬው እየፈዘዘ ከሄደ ገዳቢው ሥራውን እየሠራ ነው፣ ይህ ጉድለት አይባልም፤ በስክሪኑ መካከል 100 ኒት የታዘዘ ግራጫ ካሬ ተቀምጦ ዙሪያው ብቻ ከጥቁር ወደ ነጭ ሲለወጥ ግራጫው አብሮ ከጠቆረ ግን ችግሩ የኩርባው ነው፣ ለአምራቹ መጻፍ ያለበትም ይኸው ነው። «ስክሪኔ ደብዝዟል» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ «100 የታዘዘው ግራጫ ዙሪያው ሲነጣ ወረደ» የሚል ደብዳቤ መልስ የማግኘት ዕድሉ የሰፋ ነው።

ማሻሻያው እስኪደርስ ድረስ የበረሃ፣ የበረዶና የቀን ብርሃን የበዛባቸውን ጌሞች በ400ው ቅንብር፣ የሌሊትና የዋሻ ትዕይንት ያመዘነባቸውን ደግሞ በ1000ው መጫወት ይሻላል። ገና ያልገዛ ሰው፣ በተለይም ሞኒተሩ በዘመድ እጅ ከውጭ የሚመጣለትና ለመመለስ የማይመቸው፣ ከሺው ኒት በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ሙሉ ስክሪን ነጭ ሲሆን ስንት ኒት እንደሚሰጥና ፈርምዌሩን ባለቤቱ ቤቱ ሆኖ ማደስ መቻሉን። ለሁለተኛው ጥያቄ «አይቻልም» የሚል መልስ የተሰጠበትን ሞኒተር መግዛት አይመከርም።