የሃርቢኑ የቹንሊ ረግረግ ፓርክ፦ ጎርፍን ለጥቅም ያዋለ ንድፍ

ከአካባቢ ጋር የተስማማ የከተማ መልክዓ ምድር ንድፍ ማለት የቦታው ዝናብ፣ አፈር፣ ተዳፋትና አገር በቀል ዕፅዋት አስቀድመው ተጠንተው መንገዱ፣ ሕንጻውና መናፈሻው ለእነርሱ እንዲመች ሆኖ የሚታቀድበት ሙያ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በሃርቢን ከተማ የሚገኘው 34.2 ሄክታር ስፋት ያለው የቹንሊ ረግረግ ፓርክ የዚህ ሙያ ጥሩ ማሳያ ነው።

ሃርቢን በዓመት ከምታገኘው 567 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው በጁን፣ በጁላይና በኦገስት ብቻ ስለሚወርድ፣ አስፋልትና ኮንክሪት የለበሰ ሰፈር በእነዚህ ወራት በቀላሉ በጎርፍ ይጥለቀለቃል። የቹንሊ አዲስ ክፍለ ከተማ ሲገነባ ግን በመካከሉ የነበረው ረግረግ በአራቱም ማዕዘን በመንገድ ተከቦ ከውኃ ምንጮቹ በመነጠሉ የመድረቅ አደጋ ተደቀነበት። ዩ ኮንግጂየን የተባሉት ቻይናዊ የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ በ2009 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ፣ ሰፈሩን የሚያስጨንቀው ጎርፍ ውኃ ለተጠማው ረግረግ እንዲደርስ ማድረግ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። በረግረጉ ዙሪያ ጥልቀታቸው የተለያየ ኩሬዎች ተቆፈሩ፤ የወጣውም አፈር እዚያው ተከምሮ ጉብታ ሆነና የአካባቢው በርች ዛፍ ተተከለበት። ከመንገድና ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ ዙሪያውን በተዘረጋ ቧንቧ ተሰብስቦ ወደ ኩሬዎቹ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ውኃ ወዳድ ሣሮችም ከቆሻሻው ከፊሉን በሥራቸው ይስባሉ፤ የተጣራው ውኃ ደግሞ ወደ ረግረጉ እምብርት ዘልቆ ቀስ በቀስ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል። እምብርቱ የሰው እጅ ሳይነካው በራሱ እንዲያገግም የተተወ ሲሆን፣ ጎብኚዎች ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ መተላለፊያ ላይ ሆነው ይመለከቱታል።

ይህ አስተሳሰብ «ስፖንጅ ከተማ» በሚል ስያሜ የቻይና አገር አቀፍ መርሐ ግብር ሆኖ በ2015 እ.ኤ.አ. በ16 ከተሞች የሙከራ ትግበራው ተጀምሯል። ሆኖም አቅሙ ወሰን አለው፤ በጁላይ 2021 በዠንግዡ ከተማ በአንድ ሰዓት ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ፣ ከተማዋ ለስፖንጅ ሥራዎች ብዙ ገንዘብ ያወጣች ብትሆንም ከብርቱ ጥፋት አልዳነችም። ስለሆነም ኩሬና ረግረግ የፍሳሽ መስመርንና የአደጋ ዝግጅትን ያግዛሉ እንጂ አይተኩም።

ሌሎች ከተሞች ከቹንሊ ሊወስዱ የሚገባቸው በርች ዛፉን ወይም የኩሬዎቹን ቅርጽ ሳይሆን የሥራውን ቅደም ተከተል ነው፤ ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ አፈሩ ምን ያህል እንደሚያሰርግና በቦታው የትኛው ተክል እንደሚጸድቅ ሳይታወቅ የመጀመሪያው መንገድ ሊቀየስ አይገባም።