በብርሃን መጻፍ፤ ስለ መጀመሪያ ካሜራ አመራረጥና አያያዝ

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከጽርእ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን፥ ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። እንግዲህ ካሜራ የያዘ ሰው ጸሐፊ ነው፤ ቀለሙ ብርሃን፥ ብርዑ ሌንስ፥ ብራናውም በውስጡ ያለው ሴንሰር የሚባለው ሰሌዳ ነው። ቁም ጸሐፊ ብራናውንና ብርዑን ሳይመረምር ሥራ እንደማይጀምር ሁሉ፥ ካሜራ የሚገዛም አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።

በሮቢትና በቆቦ በሠርግ፥ በክርስትናና በሶለል በዓል ፎቶግራፍ አንሥቶ እንጀራውን ለማግኘት የሚመኝ ወጣት አለ። የካሜራው ዋጋ ግን ከማሽላ ሽያጭ ወይም ዐረብ አገር ካለች እኅት የሚመጣ፥ በላብ የተገኘ ገንዘብ ነውና በከንቱ ሊባክን አይገባም።

ዲ.ኤስ.ኤል.አር. የሚባለው ካሜራ በውስጡ መስታወት አለው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስታወቱ ተመልሶ ወደ ዐይን ይደርሳል፤ ማንሻው ሲጫን መስታወቱ ወደ ላይ ይነሣና ብርሃኑ በሰሌዳው ላይ ያርፋል። ዛሬ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ፊታቸውን መስታወት ወደሌለው ካሜራ ስላዞሩ፥ ይህኛው ይበልጡን የሚገኘው ያገለገለ ሆኖ ነው። ዋጋው ይቀንሳልና ለጀማሪ ይጠቅመዋል። ሲገዙ ግን መጋረጃው ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ ይጠየቅ፤ ሌንሱም ወደ ብርሃን ተይዞ ሻጋታና ጭረት እንደሌለው ይታይ። ኒኮን ዲ3500ን የመሰለ ካሜራ በአካሉ ውስጥ ሌንስ የሚያንቀሳቅስ ሞተር የለውምና፥ ሞተር የሌለው አሮጌ ሌንስ ቢገጠምበት በእጅ ማስተካከል ግድ ይሆናል። ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ከአካሉ ይልቅ ለሌንሱ ማሰብ ይሻላል። 18–55 ሚሊ ሜትር የሆነው ለመማሪያ ይበቃል፤ ቀጥሎ 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቀዳዳው እስከ 1.8 የሚከፈተው ለጧፍ ብርሃንና ለማታ ድግስ ይጠቅማል።

ብርሃንን የሚያዙት ሦስት ናቸው። አንደኛው ቀዳዳው ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ስፋቱ እንደሚበልጥ ልብ ይሏል። ሁለተኛው መጋረጃው ነው፤ በሰከንድ 1/500ኛ ሲከፈት የሚዘልን ጨፋሪ አጥርቶ ያቆማል፥ በ1/30ኛ ግን ያደበዝዘዋል። ሦስተኛው አይ.ኤስ.ኦ. ሲሆን፥ ከ100 ወደ 200 ሲወጣ ሥዕሉ እጥፍ ይበራል፤ እጅግ ከበዛ ግን እንደ አሸዋ ያለ ነጠብጣብ ያመጣል።

የራያ ቆላ ፀሐይ ብርቱ ናት። በቀትር ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጃገረድ ብትነሣ፥ ካሜራው በልብሷ ንጣት ተታልሎ ፊቷን ያጠቁረዋል። መድኃኒቱ ወደ ጥላ ማስጠጋት፥ ወይም የብርሃኑን መጠን አንድ ደረጃ መጨመር ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን እስከ ጧቱ 2 ሰዓትና ከማታው 11 ሰዓት በኋላ ያለው ለስላሳ ብርሃን ነው። አቧራ በሚነሣበት መንገድ ዳር ሌንስ አይለወጥ። በቤተ ክርስቲያንም አስቀድሞ አስተዳዳሪውን ማስፈቀድ፥ በቅዳሴ ጊዜም በፍላሽ ምእመናንን አለማወክ ይገባል።

ካሜራ ለቤተ ክርስቲያን ባዕድ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ተነሥተው፥ ቅጂያቸው በአሜሪካ፥ በሚኒሶታ፥ በሂል ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃል። ብራናው ቢጠፋ እንኳ ቃሉ እንዳይጠፋ የታሰበ ሥራ ነው።

ይህ ጥበብ ለቤተሰብም ያስፈልጋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ራያ ቆቦ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰዷል። በሽሽት ጊዜ የሚያዘው ልጅና ስንቅ እንጂ አልበም አይደለም። ስለዚህ የተነሣው ሁሉ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱም ቅጂ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይሁን።

አዲሱ ካሜራ ወደ ቤት ሲገባም አስቀድመው የሚነሡት አያቶች ይሁኑ። በጧት ብርሃን፥ በደጃፍ ጥላ ተቀምጠው ይነሡ፤ ሥዕሉም በወረቀት ታትሞ ስማቸው፥ ቀኑና ቦታው በጀርባው ይጻፍ። የሠርግ ደንበኛ ሌላ ጊዜም ይመጣል፤ አያት ግን ካለፉ በኋላ የሚያነሣቸው ካሜራ የለም።