የቡና ዋጋ በማን እጅ ነው?

ቡና አምራች የሆናችሁ አንባቢያን ይህን ሳታዩ አትቀሩም። ዝናቡ ደህና ዘንቦ፣ ቡናው ደህና አፍርቶ፣ ተለቅሞና ደርቆ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ወድቆ ይገኛል። ነጋዴውን «ምን ነካው?» ስትሉት «የዓለም ገበያ ነው» ይላችኋል። ታዲያ ይህ የዓለም ገበያ የሚባለው ነገር በማን ይመራል?

ገበያ ብቻውን አይሄድም። ከበስተኋላው የመንግሥታት ፖለቲካ አለ። የቡና ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

የ1955ቱ ስምምነት

በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቡና አብቃይና ቡና ገዢ አገሮች ኒው ዮርክ ላይ አንድ ስምምነት አደረጉ። ኢትዮጵያም ከአብቃዮቹ ወገን ገባች። የስምምነቱ ዋና መሣሪያ ኮታ ነበር። ኮታ ማለት ድርሻ ማለት ነው። እያንዳንዱ አብቃይ አገር ስንት ኬሻ ቡና ለገበያ እንደሚያቀርብ ይወሰንለታል። ዋጋ ሲወድቅ ድርሻው ይቀነሳል፤ ቡናው ከገበያ ሲሳሳ ዋጋው ያንሠራራል። ዋጋ ከልክ በላይ ሲወጣ ደግሞ ድርሻው ይጨመራል።

ይህን የሚቆጣጠረው ማን ነበር? የገዢዎቹ ጉምሩክ ነው። የየት አገር ቡና እንደሆነ የሚመሰክር ወረቀት ያልያዘ ቡና አይገባም። ስለዚህ ትልቋ ገዢ አሜሪካ ባትገባበት ኖሮ ስምምነቱ ባዶ ወረቀት ሆኖ በቀረ ነበር።

ገዢ ለምን ዋጋ ይጨምራል?

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ገዢ ሁልጊዜ ርካሽ ይፈልጋል። አሜሪካ ውድ ለመግዛት ለምን ተስማማች? በ1951 ዓ.ም. በኩባ አብዮት ድል አደረገ። የአሜሪካ መንግሥትም ሌሎቹ የላቲን አሜሪካ አገሮች የኩባን መንገድ እንዳይከተሉ ሠጋ። ብራዚልንና ኮሎምቢያን የመሰሉ አገሮች የውጭ ገቢያቸው በቡና ላይ የቆመ ነበር። የቡና ዋጋ ከወደቀ ገበሬው ይራባል፤ የተራበ ሕዝብ ደግሞ ይነሣል። እንግዲህ ለቡና ሳንቲም መጨመሩ ቸርነት አልነበረም፤ የፖለቲካ ወጪ ነበር። ለሲዳማና ለከፋ ገበሬ ታስቦ ባይደረግም ለእኛም ቡና ተረፈው። ከወደብ እስከ ገበሬው እጅ ግን ቀረጡም ደላላውም እየቆረሱለት ነበር የሚደርሰው።

የ1981ዱ መፍረስ

ከጊዜ በኋላ በአሜሪካና በሶቭየት ኅብረት መካከል የነበረው ፍጥጫ በረደ። ሥጋቱ ሲቀንስ ውድ የመግዛቱም ምክንያት ቀነሰ። አብቃዮቹም በድርሻ ተጣሉ። ብራዚል ድርሻዬን አልቀንስም አለች፤ ሌሎቹ ይጨመርልን አሉ። ከስምምነቱ ውጭ ላሉ አገሮች ቡና በርካሽ ይሸጥ ስለነበር አባል ገዢዎች አኮረፉ። ሰኔ 27 ቀን 1981 ዓ.ም. ኮታው ቀረ። በመጋዘን የቆየው ቡና ገበያው ላይ ፈሰሰ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው በግማሽ ገደማ ወረደ።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ፓውንድ ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንስ ሚዛን ነው። በ1970ዎቹ ስምምነቱ የያዘው ዕቅድ አንድ ፓውንድ ከ1 ዶላር ከ20 እስከ 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም እንዲሸጥ ነበር። በኋላ የቬትናም ቡና በብዛት ሲጨመርበት፣ በ1994 ዓ.ም. መግቢያ ዋጋው ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። በዚያን ጊዜ በሐረርጌ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ጥቂት አይደለም። ገበሬው አልሰነፈም፤ መሬቱም አልከዳውም። ዋጋው የወደቀው እሱ በሌለበት ጉባኤ ነው።

ምን እናድርግ?

አንድ ገበሬ፣ አንድ ማኅበርም ቢሆን የዓለምን ዋጋ አይወስንም። ከወደብ እስከ ማሳ ያለውን መንገድ ግን ማሳጠር ይቻላል። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የአባላቱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ መላኩ ለዚህ ምሳሌ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኮታ ማለት ምን ማለት ነው?
2. አሜሪካ በስምምነቱ የገባችው ለምንድን ነው? ሥጋቷ ሲቀንስስ ምን ሆነ?
3. በአካባቢያችሁ ቡና ከማሳ እስከ ወደብ በስንት እጅ ያልፋል? ቁጠሩና ተነጋገሩበት።