ለደከመ ጆሮ የሚስማማ የመስሚያ መሣሪያ ስለ መምረጥ

በቋንቋችን «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን በአንድነት ይጠራል፤ ይኸውም ጆሮው የማይሰማውንና አእምሮው የማያስተውለውን ነው። ከዚህ መደባለቅ የተነሣ ብዙ ጉዳት ይደርሳል። በክፍሉ መጨረሻ ወንበር ተቀምጦ የመምህሩን ቃል በግማሽ የሚሰማ ልጅ ሰነፍ ወይም እልኸኛ ተብሎ ይቀጣል፤ የልጅ ልጆቻቸውን ንግግር መከተል ያቃታቸው ሽማግሌም «አርጅተው ዘነጉ» ተብለው ከቤተ ሰቡ ጨዋታ ውጭ ይቀራሉ። የሁለቱም ድካም የጆሮ እንጂ የአእምሮ ስላልሆነ፥ በጊዜው ከታወቀ ሊረዳ የሚችል ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የመስሚያ መሣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ እንገልጻለን።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፥ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ሰዎች መስማታቸው በመጠኑም ቢሆን የደከመ መሆኑን፥ ከነዚህም 430 ሚሊዮን ያህሉ ርዳታ የሚያስፈልጋቸው መሆኑን አስታውቋል። መሣሪያው ሊጠቅማቸው ከሚችሉት መካከል ግን የሚጠቀሙበት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮን ማስመርመር ያስፈልጋል። የመስማት ድካም በጠቅላላው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ድምፅ ወደ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ሲዘጋ ወይም ሲበላሽ የሚመጣ ነው፤ የጆሮ ኩክ ሲጠራቀም፥ መካከለኛው ጆሮ መግል ሲይዝ ወይም ታምቡሩ ሲበሳ ይደርሳል። ይህን ሐኪም ብዙ ጊዜ ሊያድነው ስለሚችል ያለ ምርመራ መሣሪያ የገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል። ሁለተኛው የውስጠኛው ጆሮ ወይም የነርቩ ጉዳት ሲሆን፥ ከእርጅና፥ ከብርቱ ጩኸት፥ ከማጅራት ገትር በሽታ፥ እንደ ጄንታማይሲን ካሉ መድኃኒቶች ወይም ከትውልድ ሊመጣ ይችላል። የመስሚያ መሣሪያ ዋና ጥቅም ለዚህ ነው።

ከምርመራው ቀጥሎ የእያንዳንዱ ጆሮ የመስማት ኀይል ለየብቻው፥ ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ ይለካል። መለኪያው ዴሲቤል ይባላል። በድርጅቱ አመዳደብ ከ20 ዴሲቤል በታች የሆነ ድምፅ የሚሰማ ጆሮ ደኅና ነው፤ ከ20 እስከ 35 ድረስ ድካሙ ቀላል፥ ከ35 እስከ 50 መካከለኛ፥ ከ65 እስከ 80 ድረስ ደግሞ ከባድ ይባላል። ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ያጣ ሰው ሰው መናገሩን እየሰማ፥ «ሰፋ»፥ «ጠፋ» እና «ከፋ» የሚሉትን ቃላት ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው መጮኽ አይጠቅመውም። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ በየሱቁ የሚሸጥ ድምፅ ማጉያም ሁሉን በአንድነት ስለሚያጎላ ንግግሩን አያጠራለትም። ተገቢው መሣሪያ የጎደለውን ድምፅ ብቻ በልኩ እንዲያጎላ ተደርጎ የሚስተካከል ነው።

ከጆሮ በስተኋላ የሚንጠለጠለው ዓይነት ብርቱ በመሆኑ ለከባድ ድካምም ያገለግላል። ለልጆችም የሚስማማ ይህ ነው፤ በጆሮው ልክ የሚሠራው መግጠሚያ ብቻ ልጁ ሲያድግ ይለወጥለታል። በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ትንሹ ዓይነት ለቀላልና ለመካከለኛ ድካም ይሆናል፤ ነገር ግን ኩክና እርጥበት ቶሎ ይጎዱታል፥ ጣታቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋውያንም አይመችም። መግል የማይለየው ጆሮ ቀዳዳው ባይደፈን ስለሚሻል፥ ድምፅን በአጥንት በኩል የሚያስተላልፍ መሣሪያ አለ። ድካሙ እጅግ የበረታ እንደሆነ ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ወደ ውስጠኛው ጆሮ ስለሚገባው መሣሪያ፥ እንዲሁም ስለ ምልክት ቋንቋ ትምህርት ይመክራል።

ገዢው ዋጋ ከመክፈሉ በፊት የሚከተለውን ይጠይቅ።

1ኛ፤ መሣሪያው በተለካው የመስማት መጠን ይስተካከልልኛልን?

2ኛ፤ ባትሪው በምኖርበት ከተማ ይገኛልን? የተለመደው ትንሽ ባትሪ እንደ ቍጥሩና እንደ አጠቃቀሙ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ያገለግላል።

3ኛ፤ ቢበላሽ የሚጠግነው፥ መግጠሚያውንም የሚለውጠው ማን ነው?

4ኛ፤ ለጥቂት ሳምንታት ሞክሬው ባይስማማኝ መመለስ ወይም ማስለወጥ እችላለሁን?

እነዚህን የማያሟላ መሣሪያ ዋጋው የቱንም ያህል ከፍ ቢል ከመሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

መሣሪያው የቀድሞውን ጆሮ አይመልስም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሳሕን ኳኳታና የመንገድ ጩኸት ሊያስመርር ይችላል። ስለዚህ ጸጥ ባለ ቤት በቀን ጥቂት ሰዓት ከማድረግ ጀምሮ ጊዜውን ቀስ በቀስ መጨመር ይገባል። ሲታጠቡ ማውለቅ፥ በደረቅ ጨርቅ መወልወል፥ ሌሊትም የባትሪውን ክዳን ከፍቶ ማሳደር ዕድሜውን ያረዝመዋል። ባትሪው ከሕፃናት እጅ ይራቅ፤ ሕፃን ቢውጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥለው ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ግዴታ ነው። መስማቱ በድንገት የጠፋበት ሰውም እንደዚሁ በዕለቱ ወደ ሐኪም ይሂድ። ዘይት ማፍሰስና በክብሪት እንጨት መጎርጎር ግን ጉዳት እንጂ ፈውስ አይሆንም።

መምህራን ሆይ፥ የተማሪን ጆሮ ለመፈተን ብዙ ድካም አያስፈልግም። ልጁን ጸጥ ባለ ቦታ አስቀምጣችሁ አንዱን ጆሮውን በጣቱ አስደፍኑት፤ ከንፈራችሁን እንዳያይ በስተኋላው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ሦስት ቍጥሮች በሹክሹክታ ንገሩትና እንዲደግማቸው ጠይቁት፤ ሌላውንም ጆሮ እንደዚሁ ፈትኑ። ደጋግሞ ከሳተ በፊተኛው ወንበር አስቀምጡት፥ ወላጆቹም ወደ ሐኪም እንዲወስዱት ምከሩ። ልጁን ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቀድማችሁ እንድትፈጽሙ አደራ እንላለን።