ለእናት የሚነገረው ደመወዝ

በሰው ኃይል አስተዳደር የሚሠራ ሰው የወጣቶችን ሕይወት ከሲቪያቸው ይልቅ በፔሮሉ ያውቀዋል። ሲቪው የተማሩትን ይነግረናል፤ ፔሮሉ ማንን እንደሚረዱ፣ ወሩ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚከብዳቸው ያሳየናል። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ዲግሪያቸውን ይዘው፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን አልፈው ወደ ቢሮዬ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ሃያዎቹን የጀመሩ ናቸው። የሥራ ውል ሲፈርሙ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ደስታ እወደዋለሁ። ፈርመው እንደወጡ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ወደ ቤት ይደውላሉ። «እማዬ፣ ተቀጠርኩ!» ቀጥሎ የሚነገረው የደመወዙ መጠን ነው። ስለዚህ ቁጥር መጻፍ ከፈለግኩ ቆይቻለሁ።

ለእናት የሚነገረው ውሉ ላይ የሰፈረው ነው። 9,000 ብር ነው እንበል። ወሩ ሲያልቅ በቅድሚያ ግብሩ ይነሳል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ በ15፣ በ20 እና በ25 በመቶ ሲሰላ 1,400 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 630 ብር ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተማረ ወጣት የወጪ መጋራት 10 በመቶ፣ 900 ብር ይቆረጣል። እጁ የሚገባው 6,070 ብር ነው። እናት ግን የሰሙት 9,000 ነው፤ ጎረቤትም፣ አጎትም የሰሙት ይህንኑ ነው።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው የ2,930 ብር ልዩነት ብዙ ቅያሜ ያመጣል። ቤተሰብ እቅዱን የሚያወጣው በሰማው ነው፦ የታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ የአባት መድኃኒት። ልጁ ደግሞ ኑሮውን የሚገፋው በደረሰው ነው፦ የቤት ኪራይ፣ ታክሲ፣ ምሳ፣ ከባልደረቦቹ ጋር የገባው ዕቁብ። መጀመሪያ ላይ ቃሉን ለመጠበቅ ከራሱ ምሳ ይቀንሳል። ቀጥሎ ከባልደረባው ይበደራል። ከዚያ ወሩ ሳይጋመስ የቅድሚያ ክፍያ መጠየቂያ ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። ምክንያቱን ስጠይቀው «ለቤተሰብ ነው» ይላል፤ ከዚያ በላይ ማብራራት ይከብደዋል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። መላክ ያልቻለ ልጅ ስልክ ማንሳት ይተዋል። «ስብሰባ ላይ ነበርኩ» ማለት ይጀምራል። ፋሲካ ሲደርስ በባዶ እጅ ላለመግባት ሲል ሥራ አስመስሎ አዲስ አበባ ይቀራል። ቤተሰቡ ደግሞ «ደመወዝ ሲይዝ ረሳን» ብሎ ይደመድማል። እርስ በርስ የሚዋደዱ ሰዎች አንድ ያልተነገረ ቁጥር መሃላቸው ገብቶ ይራራቃሉ።

ይህን ስል ቤተሰብን መርዳት ሸክም ነው ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያ ደመወዝን ለወላጅ ሰጥቶ መመረቅ፣ ለአባት ጋቢ ለእናት ነጠላ መግዛት ከልብ የማከብረው ወግ ነው። ቢሮዬ ከሚመጡት ብዙዎቹን ያስተማራቸው አንድ ደመወዝ ብቻ አይደለም። አንዱን ያስተማረችው ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የምትልክ እህቱ ናት፤ ሌላዋን ያስተማረቻት በሬ የሸጠች አክስቷ። እንዲህ ያለ ውለታ ያለበት ሰው «የራሴን ሕይወት ልኑር» ብሎ ፊቱን ቢያዞር ሰላም አያገኝም። ውለታው መመለስ አለበት። ውለታ የሚመለሰው ግን በእውነተኛው ቁጥር ሲሆን ነው፤ በሌለ ገንዘብ የተገባ ቃል ዛሬ ያስመርቅና ከሦስት ወር በኋላ ያስወቅሳል።

አንዲት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ያደረገችውን ሁሌም ለአዲስ ተቀጣሪዎች እነግራለሁ። ለበዓል ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ የደመወዝ ወረቀቷን አትማ ይዛ ሄደች። ጡረታ ለወጡት መምህር አባቷ ሰጠቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር አነበቡት፤ ግብሩን፣ ጡረታውን፣ የወጪ መጋራቱን። ከዚያ የቤት ኪራይዋን ጠየቋት። ሲደመርና ሲቀነስ በየወሩ ስትልክ የነበረው ገንዘብ ከአቅሟ በላይ እንደሆነ ራሳቸው አዩ። መጠኑ ቀነሰ፤ የታናሽ እህቷን ክፍያ ደግሞ ከታላቅ ወንድሟ ጋር እንድትካፈል ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ የቅድሚያ ክፍያ ጠይቃ አታውቅም። «አሁን አባዬ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሥራዬ ነው» አለችኝ። ስለ ቤቱ እድሳትም ሆነ ስለ እህቷ የትምህርት ምርጫ ሳያማክሯት አይወስኑም።

እኔ በሃያዎቹ ዕድሜ ማደግ የምለው ይህንን ነው። በእኛ አገር አብዛኛው ወጣት አዋቂ የሚሆነው ከቤተሰቡ ተነጥሎ አይደለም፤ ብዙዎቹ እስኪያገቡ ድረስ ከወላጆቻቸው ጋር ይኖራሉ፣ ርቀው የሚኖሩትም ልባቸው እዚያው ነው። የሚለወጠው በቤቱ ውስጥ ያላቸው ቦታ ነው። ትናንት የሚመከርበት ልጅ ዛሬ የሚመክር ይሆናል። ወደዚያ ቦታ የሚያደርሰው የሚላከው ገንዘብ ብዛት አይደለም፤ «ይህን እችላለሁ፣ ይህን አልችልም» ሲል ቃሉ የሚታመን መሆኑ ነው።

ጊዜም እንደ ገንዘቡ ግልጽ መሆን አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አዲስ ተቀጣሪ እስከ 60 የሥራ ቀናት በሙከራ ላይ ሊቆይ ይችላል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀናት ነው፤ ለቅርብ ዘመድ ሐዘን የሚሰጠው 3 የሥራ ቀናት። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ «ለሠርግ አንድ ሳምንት ቀድመህ ና» ይላል፤ ልጁም እምቢ ለማለት ስለሚያፍር ሳያስፈቅድ ይቀራል። በሙከራ ጊዜ እንዲህ ያለ መቅረት ሥራ ሊያሳጣ ይችላል። አንድ የስልክ ንግግር ግን ነገሩን አስቀድሞ ያስተካክለው ነበር።

ቤት ውስጥ ልኩን መናገር የለመደ ወጣት ቢሮም ይለያል። አለቃው ሁለት ሥራ ደርቦ ሲሰጠው «ይህኛውን ለዓርብ አደርሳለሁ፣ ያኛው ግን ሰኞ ይሁንልኝ» ይላል። አለቃም ያምነዋል። እሺ ብቻ የሚያውቀው ደግሞ ሁሉንም ተቀብሎ ሁለቱንም ሳይጨርስ ይቀራል። ለእናት «አልችልም» ማለት ያቃተው ሰው ለአለቃም ማለት ያቅተዋል፤ ድፍረቱ አንድ ነው፣ የሚለመደውም ከቤት ነው።

ከላይ የጠቀስኩት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አሠሪው ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው በድምሩ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሕግ አውጪው ሠራተኛው ዕዳ ቢኖርበትም መብላትና ማደር እንዳለበት አስቧል። ወላጆችም ይህንኑ እንድታስቡ እለምናችኋለሁ። ልጃችሁ ደመወዝ ሲነግራችሁ «ተቆራርጦ እጅህ የሚገባው ስንት ነው? ኪራይህስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ልጁ ሊናገረው ያፈረውን እንዲናገር በር ይከፍትለታል።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት ሒሳቡን ከእኛ ዘንድ መጥታችሁ ጠይቁ፤ የፔሮል ሠራተኛ ይህን ለማስረዳት ደስ ይለዋል። ከዚያ ለቤታችሁ የተጣራውን ንገሩ። በየወሩ የምትችሉትን ወስኑ፤ ትንሽም ቢሆን ሳታቋርጡ ላኩ። ያልቻላችሁ ወር ሲመጣ ቀኑ ሳይደርስ ደውሉና እናንተው ቀድማችሁ ተናገሩ። ወላጆቻችሁ እናንተን ያሳደጉት በሌላቸው ገንዘብ እያብቃቁ ነው፤ የገንዘብን እጥረት ከእናንተ በላይ ያውቁታል። እውነቱን ብትነግሯቸው የሚረዷችሁ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነሱ ናቸው።